ለልጆቼ ብዬ ያረፍኩበት ሳምንት

እሁድ

ውሸቴን ነው። ለልጆቼ ብዬ አይደለም።

ዛሬ ከሰዓት ብሎጌ ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት እረፍት ስለተዘጋ ይህን ሳምንት ስልኬን አስቀምጬ ከልጆቼ ጋር ልሁን ብያለሁ። እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ።» ከሥሩ ቀይ ልብ። ሻይዬን ሳልጨርስ መልሱ ጎረፈ። «እናት ማለት አንቺ ነሽ።» «ምነው ሁላችንም እንዳንቺ በቻልን።» አንዷማ አልቅሼ አነበብኩት ብላለች። ምኑን እንዳለቀሰችው እንጃ።

ባለቤቴ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ አነበበውና «ከልጆቹ ጋር ለመሆን ነው ወይስ ከጋሽ ታደሰ ለመደበቅ?» አለኝ። ቲማቲም መክተፍ ጀመርኩ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፈው። ጋሽ ታደሰና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ከእኛ በላይ ናቸው፤ እነሱ አራተኛ ፎቅ፣ እኛ ሦስተኛ። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ቤዛ። ፋርማሲ ትሠራለች። እኔን ሰኒዬ እያለች ነው ያደገችው። ያለፈው እሁድ ሽማግሌ ተላከባት። ልጁ እዮብ ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቤተሰቦቹ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የመጋረጃ ሱቅ አላቸው። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ የእዮብ አያት ወንድም፣ አባባ ወልዴ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት። ተቀመጡ ሲባሉ «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» ብለው ቆመው ጠየቁ። ጋሽ ታደሰ «ከዘመድ ልምከርበት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ሽማግሌዎቹ እህል ሳይቀምሱ ወረዱ። ወጉ ይኸው ነው፤ ማንም አልተከፋም።

ዶሮው ግን ተሠርቶ ነበር። እትዬ አስካለ «ምናልባት እዚያው እሺ ካለ ባዶ ቤት እንዳያሳፍረኝ» ብለው ከዋዜማው ሠርተው፣ ሽታው እንዳያጋልጣቸው እኔ ቤት ደብቀውት ነበር። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ድስቱን ተሸክሜ ከልጆቼ ጋር ወጣሁና በላነው። እየሳቅን በላነው።

ባለፈው ማክሰኞ ብሎጌ ላይ ጻፍኩት። ስም ቀይሬያለሁ። ፎቁን አልቀየርኩም። ከዘራውንም አልቀየርኩም። የከዘራው ጫፍ ጎማው ወልቆ ስለነበር ደረጃው ላይ ቋ፣ ቋ ይላል። እኔም ምን ብዬ ጻፍኩ፦ «ሽማግሌው በባዶ ሆዳቸው ቋ፣ ቋ እያሉ ወረዱ። የከዘራቸው ድምፅ ከደረጃው ሳይጠፋ እኛ የዶሮውን ክዳን ከፈትን። አባትየው ፈገግ ብለው የአባወራውን ብልት፣ ፈረሰኛውን አነሱ። እሺታውማ ድሮ አልቋል፤ ሁለት ሳምንቱ ለይስሙላ ነው።» ድሮ መጽሔት ላይ አምድ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ የተሳካልኝ ነገር የለም ብዬ ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት።

ዓርብ ቤዛ ቤቴ በር ላይ ቆመች። «ሰናይት» አለችኝ። ሰኒዬ አላለችም። «የእዮብ እህት ያንቺን ጽሑፍ ትወዳለች። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ እየሳቀች አነበበችላቸው። ከዘራው ጋ ስትደርስ ሁሉም አባባ ወልዴን አዩ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«የተሾፈብኝ ቤት ሁለተኛ ሄጄ አልቆምም አሉ።»

ጽሑፉን ወዲያው አነሳሁት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የሰው ስልክ ላይ ፎቶ ሆኖ ይዞራል። ቀጠሮው የፊታችን እሁድ ነው። ካልመጡ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አንዴ ያኮረፈ ሽማግሌ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል ብዬ ራሴን አላታልልም።

ሰኞ

ነነዌ ገባ። ጾሙ ለንስሐ ነው፤ አጋጣሚው ራሱ እንደ ስድብ ነው።

ለልጆቹ ቃል የገባሁት፦ ለኪሩቤል ጫማ። ብስክሌት ማለማመድ። አንድ ቀን ሙሉ «ቆይ» የሚለውን ቃል አለመናገር (ይህን ያስገባችው ሶልያና ናት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከእኔ የባሰች ጸሐፊ ትሆናለች ብዬ እፈራለሁ)። እስካሁን የተፈጸመ፦ ምንም።

ጠዋት ውሃ መጣ። ሌላ ጊዜ ውሃ ሲመጣ በመስኮት ቀና ብዬ ለእትዬ አስካለ የምጮኸው እኔ ነኝ። ዛሬ ቧንቧውን ቀስ አድርጌ ከፈትኩ፣ እንደ ሌባ። ኪሩቤል በፒጃማው መጥቶ አየኝ፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ ተንጠላጥሎ «እትዬ አስካለ፣ ውሃ!» ብሎ ለቀቀው። መልስ የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን በርሜላቸው ሲንኳኳ ሰማሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ከእኔ የተሻለ ጎረቤት ነው።

ዳቦ ልንገዛ ስንወጣ በዚያኛው ጫፍ ባለው ደረጃ አወረድኳቸው። መብራት የለውም፣ ሰው ሁሉ አሮጌ ዕቃ ይቆልልበታል፣ ድመት ወልዳበታለች። ሶልያና «ለምን በዚህ?» አለች። «ድመቷን እንድታዩ» አልኩ። ዮናስ በመርከብ ነው የሸሸው፤ እኔ በጀርባ ደረጃ።

አንባቢዎቼ እየጻፉ ነው። «እረፍት እንዴት ይዞሻል? ልጆቹ ደስ አላቸው?» እያነበብኩ ነው እንግዲህ፤ ስልኬን አስቀምጫለሁ ያልኩት ሴትዮ።

ማክሰኞ

ለጫማው ከላፍቶ ሚኒባስ ይዘን ሀይሌ ጋርመንት ሄድን። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ደጋግማ ታየኛለች። በመጨረሻ «ይቅርታ፣ ሰናይት አይደለሽም? ብሎግ የምትጽፊዋ?» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታዬን አልችለውም። «ነኝ» አልኩ በቀስታ።

«የዶሮዋን ምነው አነሳሽው? እኛ ቢሮ እኮ ቋ ቋ ስንባባል ነው የምንውለው። አለቃችን ኮሪደር ላይ ሲመጣ ቋ እንላለን።» ይህን ስትል ከኋላ ያለችው ልጅ ሳቀች፤ እሷም አንብባዋለች። ረዳቱ ሳይቀር «ምንድነው ቋ?» ብሎ ጠየቀና ተነገረው። እኔም ፈገግ አልኩ። እዚህ ጋ መዋሸት አልፈልግም፤ ሆዴ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ይበልጥ ያሳፈረኝ ነገር የለም።

ከሚኒባሱ ወርደን ወደ ጫማ ሱቆቹ ስንሻገር የመጋረጃውን ሱቅ አየሁት። በሩ ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ሽማግሌ። የልጆቹን እጅ ይዤ ዞር አልኩ። ጫማ ሳንገዛ ተመለስን። ኪሩቤል እስከ ቤት አላናገረኝም።

ማታ ሶልያና ሰሃን እያደራረቀች «ማንን ነው የምንሸሸው?» አለች። ሌላ ሰሃን አቀበልኳት። «አንብቤዋለሁ እኮ። ግን እማዬ፣ ተሳስተሻል። ፈረሰኛውን የበላው ኪሩቤል ነው። ጋሽ ታደሰ ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም።»

አልነበሩም እንዴ? ለማስታወስ ሞከርኩ። ድስቱ ትዝ አለኝ፣ ሳቁ ትዝ አለኝ፣ የቤዛ ጥፍር ቀለም ሳይቀር ትዝ አለኝ። የእሳቸው ፊት አልመጣልኝም።

ረቡዕ

የእትዬ አስካለ ትልቁ ድስት፣ ላጥበው ብዬ ይዤው ከወረድኩበት ከዚያ እሁድ ጀምሮ፣ እኔ ማዕድ ቤት ነው። ታጥቦ፣ ተገልብጦ፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እያየኝ። ዛሬ ልመልሰው ተነሳሁ። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ጾም ነው፤ ምን ይገባበታል? ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ሁሉንም አሰብኩ። በመጨረሻ ሽንኩርት ሞላሁበት። ቀይ ሽንኩርት፣ ዶሮ የሚሠራበት። ሐሳቤ ገብቷቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። እንዲህ ነው እንግዲህ የእኔ ነገር፣ ይቅርታ ስጠይቅ እንኳ ጨዋታ አሳምራለሁ።

በሩን የከፈቱት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ሹራባቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ። ድስቱን አዩት። «ይሄ ምንድነው?»

«ሽንኩርት ነው ጋሼ። ለእሁድ።»

«እሁድ ማን ይመጣል ብለሽ ነው?»

ድስቱ ከበደኝ። «ግቢ» አሉኝ፤ ገባሁ። ተቀመጪ አላሉኝም፣ እኔም አልተቀመጥኩም። ሽማግሌዎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ መቆሜ የገባኝ ኋላ ነው።

«ፈረሰኛውን አልበላሁም» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ አሁን ነው ያወቅኩት።»

«እነሱ ሲወጡ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት። እናንተ ስትስቁ እሰማ ነበር። ሴቶች ይሳቁ፣ ደስታ ነው፣ አልከፋኝም። ግን ሁለት ሳምንት ያልኩት ለይስሙላ አልነበረም። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። እሺ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው።» መነጽራቸውን አውርደው በሹራባቸው ጠረጉት። «አንቺ ሁሉም አልቋል ብለሽ ጻፍሽ። እኔ ጋ አላለቀም ነበር። የራሴን ልብ ከራሴ በፊት ለሰው ነገርሽው፤ ያውም ተሳስተሽ።»

ይቅርታ አልኩ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። እሳቸው «እሺ፣ ሂጂ ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው» አሉኝ። ልጄ የሚል ጥሪያቸውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ድስቱን ግን ተቀብለውኛል፤ እሱም ነገር ነው።

ሐሙስ

ባለቤቴን «ሽማግሌ ሆነህ አባባ ወልዴ ጋ ሂድልኝ» ብለው፣ «ሽማግሌ ለሽማግሌ ይላካል እንዴ? የጻፍሽው አንቺ፣ የምትሄጂውም አንቺ» አለኝ። ልክ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ሳመነታ አረፈድኩ። ሶልያና ናት ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ የቆመችው። መንገድ ላይ አንዲት የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ስናልፍ ደግሞ አስቆመችኝና የከዘራ ጎማ አስገዛችኝ። ልኩን አናውቅም። ባለሱቁ «ለሽማግሌ ከሆነ ይሄ ነው» አለን።

አባባ ወልዴ በዚያው ወንበር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከዘራው በጉልበታቸው መሃል።

«አባባ፣ ሰናይት ነኝ። ያን ጽሑፍ የጻፍኩት።»

ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ከዘራዬን ከአገር ያስተዋወቅሽው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ትናንት አንዱ ጎረምሳ ቋ ብሎኝ አለፈ። ዘወር ስል የለም።» ከዚያ በእጃቸው ጠጋ በይ የሚል ምልክት ሰጡኝ። «እኔም ስቄያለሁ እኮ። ልጅቷ ስታነብልን የሌላ ሰው መስሎኝ ሳቅኩ። አጻጻፍሽ ደህና ነው። ከዘራው ጋ ስንደርስ ነው ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ የዞረው።» የከዘራቸውን ጫፍ ተመለከቱ። «እውነት ገና ደረጃው ላይ እያለሁ ነው ድስቱን የከፈታችሁት?»

«አይደለም አባባ። ብዙ ቆይተን ነው። እሱን ለማሳመር ብዬ ነው።»

«ለማሳመር።»

«አዎ።»

«ጣፍጦ ነበር?»

«ጣፍጦ ነበር።»

«አይ፣ እሱስ ደግ።»

ጋሽ ታደሰ እንዳልበሉ፣ መኝታ ቤት ገብተው በር እንደዘጉ፣ ሁለት ሳምንቱ የእውነት እንደነበር ነገርኳቸው። ያሾፍኩት እኔ እንጂ ያ ቤት አይደለም አልኳቸው። የከዘራቸውን ራስ እያሻሹ ሰሙኝ።

«እኔ እኮ ያን ሰው አይቼዋለሁ» አሉ። «ሁለት ሳምንት ሲለን ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይሄ ልጁን የሚወድ ሰው ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያን ሁሉ ደረጃ የወረድኩት። ኋላ አንቺ ቀልድ ነው አልሽ፤ አመንኩሽ። በዓይኔ ያየሁትን ትቼ የስልኩን አመንኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ይህን ሲሉ አለቀስኩ። ሰው ያልፋል፣ መጋረጃ የሚገዙ ሴቶች ያዩኛል፤ ምን ይደረግ። ሶልያና ጎማውን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አገላብጠው አዩትና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። አመሰግናለሁም፣ አልፈልግምም አላሉም።

«እሁድ ይመጣሉ?» አለቻቸው፤ እኔ ልጠይቅ ያልደፈርኩትን።

«እሁድን ለእሁድ እንተዋት፣ የኔ ልጅ።» ከዚያ ወደ እኔ፦ «ከመጣን ግን አንቺ እዚያ ቤት እንዳትገኚ። ወጥ ቤቱም ውስጥ ቢሆን።»

«እሺ አባባ።»

መመለሻችን ላይ የኪሩቤልን ጫማ ገዛን። አንድ ቁጥር ሰፋብኝ ይላል፤ ያድጋል።

ዓርብ

ኪሩቤል ግቢ ውስጥ ብስክሌት ያለማንም ድጋፍ ነዳ። ከውሃ ታንከሩ እስከ ጥበቃው ቤት። እኔ ኮርቻውን ለቅቄው ሳያውቅ ሄደ፣ ሲያውቅ ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ፤ ደስታው ግን አልተላጠም። ፎቶ ላነሳው ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ለማን ነው የማነሳው? ወዲያው ርዕስ እያሰብኩለት ነበር እኮ።

ቤዛን ታክሲ ስትጠብቅ አየኋት። ሰላም አልኳት፣ ሰላም አለችኝ። ከአባባ ወልዴ ዘንድ የተሰማ ነገር እንደሌለ ከፊቷ አወቅኩ። እዮብም ደፍሮ አይጠይቃቸውም ይሆናል። ዓይኗ አብጧል።

ዛሬ በዋናው ደረጃ ነው የወጣሁት። ማንም አልገጠመኝም፤ ግን በዋናው ደረጃ ነው።

ቅዳሜ

ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ፣ ድስታቸውን አቅፈው። ውስጡ የእኔ ሽንኩርት፣ ላዩ ላይ የተገነጠለች ዶሮ በፌስታል።

«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አሉ ሳይገቡ። «እኔ ቤት ከሠራሁት ይሸታል። ከመጡ ሳይጠይቁን ተዘጋጅተን ጠበቅናቸው ማለት ነው፤ ነውር ነው። ሌላ ጎረቤት ጋ ብወስደው ደግሞ ለምን ሰናይት ጋ አልሆነም ይሉኛል። አሁንስ ወሬ በቃኝ።»

«ይመጣሉ እንዴ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። ካልመጡም ዶሮው ይበላል። ያኔ ግን አንቺ አትበዪም።»

ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንከትፍ ዋልን። እሳቸው ብዙ አላወሩም፤ እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ። ዓይናችን አነባ፣ በሽንኩርቱ አሳበብን። አንድ ጊዜ ብቻ «ሐሙስ ዕለት ለቡ ያለችው እህቱ ጋ ሄዶ ነበር፣ ሊመክር» አሉኝ ስለ ጋሽ ታደሰ። «ምን አለችህ ብለው፣ ልጅቷን ጠየቅካት ወይ አለችኝ አለ። ማታ ቤዛን ጠየቃት። በርንዳ ላይ አብረው አመሹ።» ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እንዳትጽፊው ደግሞ።»

እዚህ ጻፍኩት። ይህ ግን የእኔ ብቻ ነው።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀምሮ ከቤቴ በር ኋላ ነኝ። ቃሌን ጠብቄ ላይ አልወጣሁም። ድስቱ ምድጃዬ ላይ ተከድኗል። ባለቤቴ ጋዜጣ የያዘ መስሎ ያዳምጣል። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ካርታ ይጫወታሉ፣ በሹክሹክታ፤ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

የማዳምጠው ከዘራውን ነው። ያለፈው ጊዜ ከታች ጀምሮ ነበር የሚሰማው። ዛሬ የሰው ኮቴ ሰማሁ፣ የጋዝ ሲሊንደር የሚያወጣ ልጅ ሰማሁ፣ ሳቅ፣ የበር መዘጋት፣ ደግሞ ኮቴ። ቋ የሚል የለም። የቀጠሮው ሰዓት አለፈ። ሶልያና ካርታዋን አስቀመጠች። «አልመጡም» አልኩ። ቤዛን እንዴት አድርጌ ቀና ብዬ እንደማያት እያሰብኩ ነበር።

በሩ በመዳፍ ተደበደበ። እትዬ አስካለ ናቸው፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል።

«ድስቱን! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«መጡ እንዴ?»

«ተቀምጠዋል እኮ፣ ተቀምጠዋል! አልሰማሽም?»

አልሰማሁም። ጎማውን አስገጥመውታል።

ድስቱን በጨርቅ ይዤ እስከ ደፉ አወጣሁላቸው፣ ከእጄ ተቀብለው ወጡ። እኔ በሩን ዘጋሁ። ከላይ የወንበር መሳብ፣ የሰሃን ድምፅ፣ የወንድ ሳቅ። የጋሽ ታደሰ ይሁን የሌላ መለየት አልቻልኩም። ኪሩቤል «ፈረሰኛውን ዛሬ ማን ይበላዋል?» አለ። «አናውቅም» አልኩት። እውነትም አናውቅም፣ ደስም አለኝ አለማወቄ።

ማምሻውን ሲወርዱ ኮቴያቸው ዝግ ያለ ነበር። አንዱ እኛ በር ጋ ሲደርስ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማል፣ ጉልበቱን ያሳርፋል። ከዚያ በሬን አንድ ጊዜ ነካ አደረጉት፣ በከዘራ፤ ጎማ ስለሆነ ድፍን ያለ ድምፅ። ልከፍት እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ኮቴው ወረደ።

ሶልያና «ሰላምታ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት።

ነገ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ የእኔም እረፍት ያልቃል። «እረፍቱ እንዴት ነበር?» ብለው የሚጠብቁኝ አንባቢዎች አሉኝ። ኪሩቤል ብስክሌት መንዳት ቻለ ብዬ እጽፋለሁ፤ እሱን ጠይቄው፣ እሺ ካለኝ። አሁን ግን ከላይ እትዬ አስካለ ድስቱን እያጠቡት ነው፣ ይሰማኛል። ዛሬ ወደ እኔ አይመለስም።